የአሲድና የቤዝ ሒሳብ በጁባ ውሃ

ስለ አሲድና ስለ ቤዝ ለመናገር ከጁባ የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። የቧንቧው መስመር ከተማዋን ሁሉ አያዳርስም። እንደ ጉደሌና ሙኑኪ ባሉ ሰፈሮች ብዙ ቤት የሚጠጣው ቦቴ ከነጭ ዓባይ ዳር ቀድቶ የሚያድለውን ውሃ ነው፤ በዚህ ንግድ ከተሰማሩት መካከል ደግሞ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጥቂቶች አይደሉም። ይህ ውሃ ከወንዙ ተነሥቶ ሮቶ ውስጥ፣ ከሮቶውም ጀሪካን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሁለት ነጭ ዱቄቶች ያገኙታል፤ ወይም ሊያገኙት ይገባ ነበር። አንደኛው በዐረብኛ ተናጋሪው ገበያ ሸብ የሚባለው አሉም ነው፤ ሁለተኛው ክሎሪን። አሉም ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አሲድነት አለው። ለውሃ ማከሚያ የሚሸጠው የክሎሪን ዱቄት ደግሞ ቤዝነት አለው። የአሲድና የቤዝ ትምህርት በዚህ ከተማ የሚካሄደው እንግዲህ በየቀኑ፣ በብዙ ሺህ ሊትር ውሃ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው መማሩን ሳያውቅ ነው። የምከራከርለት ነጥብ ይህ ነው፦ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ውጤቱን የሚወስነው የትኛው እንደሚያቃጥል ሳይሆን ስንት እንዳለ ነው፤ በተለይም መለኪያው ላይ ሳይታይ ውሃው ውስጥ ተከማችቶ የቆየው መጠን።

መሠረቱን በአጭሩ ላስቀምጥ። ሎሚ ይኮመጥጣል፤ የአመድ ውሃ ግን ይመርራል፣ ጣት ላይም ያሟልጫል። ሰው ይህን ልዩነት ከኬሚስትሪ በፊት አውቆታል። ከርከዴ የሚያፈላ ሁሉ አንድ ማስረጃ በእጁ አለ፤ ቀዩ መጠጥ ሎሚ ሲጨመርበት ቅላቱ ይደምቃል፣ የአመድ ውሃ ወይም ሶዳ ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሸሻል። እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአበባ ጭማቂ ያደረገው ሙከራ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። ምክንያቱን ማወቅ ግን ጊዜ ወሰደ። ላቯዚዬ አሲድን አሲድ የሚያደርገው ኦክስጅን ነው አለ፤ ሃምፍሪ ዴቪ ደግሞ ጨጓራችን ውስጥ ያለው ዓይነት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ምንም ኦክስጅን እንደሌለው አሳይቶ ያንን ሐሳብ አፈረሰው። ስዊድናዊው አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መንገዱን ከፈተ፤ በኋላም ብሮንስተድና ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1923 እየራሳቸው የደረሱበት ዛሬ የምንይዘው ነው፦ አሲድ ፕሮቶን የሚሰጥ ነው፤ ቤዝ ፕሮቶን የሚቀበል ነው። ፕሮቶን ማለት ኤሌክትሮኑን ያጣ የሃይድሮጅን አቶም ነው። የሁለቱ መገናኘት የዚህች ቅንጣት ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ነው እንጂ አንዱ ሌላውን ማጥፋቱ አይደለም።

ይህን ለማመን ቃል ብቻ አይበቃም። ማስረጃ የሚሆነን ሙቀት ነው። ኃይለኛ አሲድና ኃይለኛ ቤዝ በቀጭኑ አሟሙታችሁ ስትቀላቅሉ ውሃው ይሞቃል። አሲዱን ከሃይድሮክሎሪክ ወደ ናይትሪክ ብትለውጡት፣ ቤዙን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብትለውጡት፣ ለእያንዳንዱ ሞል የሚወጣው ሙቀት ያው ወደ 56 ወይም 57 ኪሎ ጁል ነው። ባለቤቶቹ ተለዋውጠው ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ የሚካሄደው ነገር ከስማቸው ጋር ግንኙነት የለውም ማለት ነው፤ በሁሉም ድብልቅ ውስጥ ፕሮቶን ከሃይድሮክሳይድ ጋር ተጋጥሞ ውሃ ይሆናል፣ የቀረው ጨው ሆኖ ዳር ቆሞ ይመለከታል። ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ክንውኑ አንድ ከሆነ ሊለያይ የሚችለው ብዛቱ ነው። ስለዚህ የአሲድና የቤዝ ጉዳይ በመጨረሻው የቆጠራ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የተማረ ሰው የሚያነሣው ተቃውሞ አለ። «ቆጠራ ከሆነ ፒኤች ተለክቶ አለቀ» ይላል። ፒኤች የሚባለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ሶረንሰን ሲሆን ይሠራ የነበረውም የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ ነበር። መለኪያው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የሚነግረን በዚያች ቅጽበት በነፃ የሚንሳፈፈውን ፕሮቶን ብቻ ነው። መሶቡ ላይ ያለውን እንጀራ ያሳያል፤ ጎተራውን አያሳይም። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊ ሊትር ቀጭን፣ 0.1 ሞላር የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብትጨምሩ ፒኤቹ ከ7 ወደ 4 ይወርዳል፤ አሲድነቱ ሺህ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ያንኑ አሲድ በሊትር ሁለት ሚሊሞል ባይካርቦኔት ባለው፣ ፒኤቹ 8 በሆነ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ወደ 7.5 ግድም ዝቅ ይልና እዚያው ይቆማል። አሲዱ አልጠፋም፤ ባይካርቦኔቱ ፕሮቶኑን ተቀብሎ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሆነ። መለኪያው ብዙም ያልተንቀሳቀሰው ጎተራው ስለተነካ ነው።

ነጭ ዓባይ ደግሞ ጎተራ ያለው ወንዝ ነው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ ጨዉ ትንሽ ነው። በመንገዱ የሚያገኘው የአልበርት ሐይቅ ግን ከቪክቶሪያ ብዙ እጥፍ ጨው፣ በተለይም ባይካርቦኔት የያዘ፣ በግልጽ ወደ ቤዝ ያዘነበለ ሐይቅ ነው። ከዚያ ወርዶ ኒሙሌን አልፎ ጁባ የሚደርሰው ውሃ ይህን ስጦታ ይዞ ይመጣል። ጁባ የሚኖር ሰው ወንዙን የሚያውቀው በጭቃው፣ በስፋቱ፣ በላዩ በተዘረጋው የነፃነት ድልድይ ይሆናል። ለውሃ አካሚ ግን የወንዙ ትልቁ ሀብት ይህ በዓይን የማይታይ ባይካርቦኔት ነው፤ አሉም የሚሠራው በእርሱ ነውና።

እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ወንዙን የሚያደፈርሰው ደቃቅ ሸክላ እርስ በርሱ የማይጠጋጋው እያንዳንዱ ቅንጣት አሉታዊ ኃይል ተሸክሞ ስለሚገፋፋ ነው፤ በርሜል ውስጥ ለቀናት ቢቀመጥም ሙሉ በሙሉ አይጠልልም። አሉም ሲጨመርበት አሉሚኒየሙ ውሃውን እየገፋ ፕሮቶን ያስወጣል፤ አሲድነቱም ከዚህ ይመጣል። ፕሮቶኑን ባይካርቦኔቱ ይቀበላል። ፕሮቶኑን ያራገፈው አሉሚኒየም ደግሞ የማይሟሟ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይጓጉላል፤ ሲጓጉልም ሸክላውን፣ ከሸክላውም ጋር ብዙ ጀርም ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃውን የሚያጠራው አሉሙ ራሱ ሳይሆን አሉሙ ከወንዙ ቤዝ ጋር ተገናኝቶ የሚወልደው ነገር ነው። ሒሳቡም የታወቀ ነው፦ አንድ ሚሊግራም አሉም በኖራ ድንጋይ ሲመነዘር ግማሽ ሚሊግራም ያህል የቤዝ ክምችት ይበላል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ውስጥ 500 ግራም አሉም ከገባ በሊትር 50 ሚሊግራም ይሆናል፤ ከክምችቱም በሊትር 25 ሚሊግራም ይወስዳል። ወንዙ 100 ካለው 75 ተርፎት ሥራው ያምራል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ፣ በሊትር 10 ብቻ ያለው ውሃ ከሆነ ግን ከአሉሙ ግማሹ እንኳ ሳይሠራ ክምችቱ ያልቃል፤ ውሃው ይኮመጥጣል፣ አሉሚኒየሙም ሟሙቶ ይቀራል፣ ጭቃውም እንዳለ ነው። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ «አነሰ» ብሎ ሌላ አሉም ይጨምራል። ባጠፋው ነገር ላይ ያንኑ ይደግማል። የሚያስፈልገው በተቃራኒው ጥቂት ኖራ ነበር። የዝናብ ወራትም አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው። ጎርፍ ጭቃውን ሲያበዛ ብዙ አሉም ይጠየቃል፤ ያው ጎርፍ ግን የዝናብ ውሃ ስለሆነ ክምችቱን ያቀጥነዋል።

«ታዲያ አሉሚኒየም ልንጠጣ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱን የማገኘው ግን ከጁባ ሳይሆን ከጎጃም ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ወደ 43 በመቶ የሚሆነው አሲዳማነት እንደነካው ይገመታል፤ በአዊ፣ በተለይ በባንጃና በፋግታ ለኮማ፣ ጉዳቱ በርትቶ ብዙ ገበሬ ከእህሉ ይልቅ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ወደ መትከል ዞሯል። እዚያ ሰብሉን የሚጎዳው ከምንም በላይ አሉሚኒየም ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ሸክላው ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነዝዛል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሲበተንበት አሲዱ ይበላል፤ አሉሚኒየሙም ጁባ ቦቴ ውስጥ እንደሚሆነው ሁሉ የማይሟሟ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይቀመጣል። ኖራው በሄክታር በቶን የሚቆጠረው ለምንድን ነው? ፒኤች መለኪያው በሚያሳየው ፕሮቶን ብቻ ቢሆን ጥቂት ኪሎ ይበቃ ነበር። የቀረው ሁሉ ሸክላው የያዘው የተደበቀ አሲድ ዕዳ ነው። ወንዙ የተደበቀ ቤዝ ሲኖረው የአዊ አፈር የተደበቀ አሲድ አለው፤ አሉሚኒየሙ ግን ለሁለቱም አንድ ሕግ ያከብራል። ስለዚህ ለጠያቂው የምመልሰው፦ አሉሚኒየም ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የሚቀረው ሒሳቡ ሲሳሳት ነው። ፒኤቹ ከ6 እስከ 7 ከፍ ብሎም 7.5 ባለው ክልል ሲቆይ የጨመራችሁት አሉሚኒየም ከሞላ ጎደል ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። እጅግ ቤዝ በሆነ ውሃ ውስጥም ተመልሶ ይሟሟል፤ ኖራ እንደ ልብ ማብዛትም እንግዲህ መፍትሔ አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ ከተፈጥሮ ወዳጆች ይመጣል፤ አሉምን ትተን የሽፈራው ዘር ብንጠቀምስ? ይህ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። በሱዳን በዓባይ ዳር ያሉ ሴቶች የሞሪንጋን ዘር ወቅጠው ድፍርሱን ውሃ ሲያጠሩ ኖረዋል፤ ዛፉም በዐረብኛ ሸጀረት አል ረዋቅ፣ የማጥሪያ ዛፍ፣ ተብሎ ይጠራል። የኮንሶው ሽፈራው የዚሁ ዛፍ ዘመድ ነው። ዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ኃይል ስላለው ሸክላውን በቀጥታ ይስበዋል፤ ፕሮቶን አይለቅም፣ ክምችት አይበላም፣ ፒኤቹንም ብዙ አይነካም። ክምችቱ ላነሰ የዝናብ ውሃ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ከዘሩ የሚቀረው የምግብ ቅሪት ውሃው ውስጥ ካደረ ጀርም ይመገበዋል፣ ክሎሪኑንም ይሻማል። ዕለቱን ለሚጠጣ አንድ እንስራ ይሆናል፤ ሮቶ ውስጥ ሳምንት ለሚቀመጥ ውሃ ግን አልመክረውም።

ውሃው ከጠራ በኋላ ክሎሪን ይመጣል፤ እዚህም ጉዳዩ የፕሮቶን ነው። ዱቄቱም ሆነ በረኪናው ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁለት መልክ ይይዛል፦ ፕሮቶኑን የያዘው ሃይፖክሎረስ አሲድና ፕሮቶኑን የሰጠው ሃይፖክሎራይት። የመጀመሪያው ኃይል የሌለበት ስለሆነ ወደ ጀርሙ ግድግዳ ጠልቆ ይገባል፤ ሁለተኛው አሉታዊ ስለሆነ ይገፋል፣ ጀርም የመግደል ጉልበቱም በብዙ ያንሳል። ፒኤቹ 7.5 ሲሆን ሁለቱ እኩል ይካፈላሉ። ወደ 6.5 ሲወርድ ከ10 እጁ 9ኙ ገዳዩ ይሆናል፤ ወደ 8.5 ሲወጣ ገዳዩ 1 እጅ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን ይኑር ሲል፣ ፒኤቹ ከ8 በታች ከሆነ ብሎ የሚጨምረው ለዚህ ነው። አሁን ሁለቱን ዱቄቶች አያይዙ። አሉሙ የወንዙን ውሃ ጥቂት ወደ አሲድ ዝቅ ሲያደርገው፣ ሳያስበው ለክሎሪኑ መንገድ ይጠርጋል። ጭቃውን በማውረዱም ክሎሪኑ በከንቱ የሚባክንበትን ነገር ያስወግዳል። ክሎሪን ቀድሞ ድፍርስ ውሃ ላይ የሚረጭ ሰው ገንዘቡን ጭቃ ያበላል።

«ውሃው ጥርት ካለ ምን ጎደለው?» የሚለው ክርክር ጁባ ውስጥ ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮሌራ በዚህች ከተማ ታወጀ፤ በ2015 እና በ2016ም ተመለሰ። የኮሌራ ባክቴሪያ ቤዝ የሚወድ፣ አሲድ የሚፈራ ፍጥረት ነው፤ ቤተ ሙከራም ሲያራቡት ፒኤቹ ከ8 በላይ በሆነ ፈሳሽ ነው። የሰው የመጀመሪያ ምሽግ የጨጓራ አሲዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በበጎ ፈቃደኞች ላይ ይህን አረጋግጧል፤ ባክቴሪያውን ከሶዳ ጋር የወሰዱት ሰዎች፣ ሶዳ ካልወሰዱት በብዙ ሺህ እጥፍ ባነሰ የባክቴሪያ መጠን ታመዋል። ለቃር የሚዋጠው መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜም ያው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ፣ ምሽጉን ለጊዜው ይንደዋል ማለት ነው። በጊኒ ቢሳው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ምግብ ላይ ሎሚ የሚጨምሩ ሰዎች ለኮሌራ ያነሰ ተጋላጭ እንደነበሩ አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ሎሚ ይበቃናል» ማለት ግን ቆጠራውን መርሳት ነው፤ ወጥ ላይ የሚጨመቀው ሎሚ አንድ ሳህን ያኮመጥጣል፣ ባይካርቦኔት የሞላው በርሜል ግን ይውጠዋል። የጠራ ውሃም እንዲሁ፤ ዓይን የሚያየው ሸክላ መውረዱን እንጂ የጀርሙን መሞት አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ክሎሪን ሲበዛ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ዱቄቱ ቤዝ ስለሆነ ውሃውን ያበላሸዋል ብለው ይሸሹታል። ሁለቱንም ሒሳቡ ይመልሳቸዋል። ለ10,000 ሊትር የጠራ ውሃ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ቢታሰብ የሚያስፈልገው 20 ግራም ክሎሪን ነው፤ ዱቄቱ 65 በመቶ ከሆነ ወደ 31 ግራም፣ ማለትም ጥቂት ማንኪያ። ይህን የሚያህል ቤዝ የነጭ ዓባይ ውሃ ፒኤች ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም፤ ጎተራው በሁለቱም አቅጣጫ ይጠብቃልና። እጅግ ማብዛቱ ግን ጣዕሙንና ሽታውን ያከፋዋል፤ የሸተተው ሰው ደግሞ ውሃውን ደፍቶ ክሎሪን ወዳልነካው ይሄዳል። ቤተ ሙከራ የለንም የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን አምስት የፕላስቲክ ጠርሙስ በቂ ቤተ ሙከራ ነው። በአምስቱ አንድ ዓይነት የወንዝ ውሃ ቀድቶ፣ የአሉም መጠን እያሳደጉ ጨምሮ፣ አማስሎ ግማሽ ሰዓት አስቀምጦ የትኛው በትንሹ አሉም እንደጠለለ ማየት ነው። ትላልቅ የውሃ ማጣሪያዎች በረቀቀ መሣሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የነፃ ክሎሪኑን መጠን ደግሞ ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው ቀለም የሚለውጥ መለኪያ ይናገራል። ወንዙ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ የሰኔው መጠን ለጥር አይሆንም።

የቀረው አንድ አደገኛ ድምዳሜ ነው። እስካሁን ያልኩትን የሰማ ብልህ ሰው «አሲድ ክሎሪንን የሚያበረታው ከሆነ፣ አሉሙንና ክሎሪኑን በአንድ ባልዲ በጥብጬ ልጨምራቸው፤ ወይም በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ልደባልቀው» ሊል ይችላል። ሐሳቡ ከሕጉ ይነሣል፤ ውጤቱ ግን መርዝ ነው። ባልዲው ውስጥ ወንዝ የለም፣ የሚያለዝብ ክምችት የለም፤ ያለው የተከማቸ አሲድና የተከማቸ ክሎሪን ነው። ፒኤቹ በጣም ሲወርድ ክሎሪኑ ሃይፖክሎረስ አሲድ ሆኖ አይቆምም፤ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ኢፕር በሚባለው ጦር ሜዳ ጀርመኖች የለቀቁት ያው ጋዝ። በሆቴሎቻችን መታጠቢያ ቤት በር ዘግተው የሚያጸዱ ልጆች ሳንባ ላይ የሚደርሰው አደጋ ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ አሉሙ በራሱ ባልዲ ይበጥበጥ፣ ወደ ውሃው ይግባ፣ ይማሰል፣ ይጓጉል፣ ይውረድ። የጠራው ከላይ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልበጥ። ክሎሪኑም ደረቅ በሆነ ሌላ ማንኪያ ተሰፍሮ፣ በሌላ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ላይ ተሟሙቶ፣ ከዚያ በኋላ ይጨመር፤ ግማሽ ሰዓት እስኪሞላም ቦቴው ቧንቧውን አይክፈት።